የጓሯችን መርዝና የደጃችን ውሻ

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ባሉት ቀበሌዎች ያደገ ሰው ውሻ የሌለበት ግቢ ያስታውሳል ብዬ አላምንም። የእኛ አገር ውሻ ሥራ አለው። ሌሊት ጅብ በረት እንዳይደፍር፣ ቀን ዝንጀሮና ጦጣ እሸቱን በቆሎ እንዳይጨርሱት የሚጠብቀው እሱ ነው። ደመወዙ የእንጀራ ፍርፋሪና የገንፎ ድስት ጥራጊ፣ ዓመት በዓል ሲሆን ደግሞ አጥንት ነው። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» እንዲሉ፣ ለበላበት ቤት ሲጮኽ ያድራል። እንዲህ ሲጮኽ ያመሸ ውሻ ጠዋት እግሩን ዘርግቶ ሲገኝ ቤተሰቡ በሙሉ ይደነግጣል። ከድንጋጤው ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ግን ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ «ማን መረዘብን?»

ይህ ጥያቄ ጎረቤትን ከጎረቤት ሲያኳርፍ፣ የቡና ጠጪ ማኅበር ሲበትን፣ አልፎም ሽማግሌ ሲያስቀምጥ እያየሁ ነው ያደግሁት። ዛሬ ዞር ብዬ ሳስበው ከእነዚያ ውሾች ብዙዎቹ የሞቱት በሰው ክፋት አይመስለኝም። የገደላቸው ራሳችን ያበቀልነው ወይም ከገበያ ገዝተን ያስገባነው ነገር ነው። ሰው ስንጠረጥር ጓሯችንን ማየት ረሳን።

ጓሯችን ድሮም መርዝ ነበረው። አጥሩ ቅንጭብ ነው፤ ሲቆረጥ የሚፈሰው ነጭ ወተት ዓይን ከገባ ለቀናት ያስለቅሳል፣ አፍ የነካውንም ያቃጥላል። ከቤቱ ጀርባ ጉሎ ይበቅላል። ጉድፍ የሚደፋበት ቦታ ላይ ማንም ሳይተክለው አስተናግር ይነሣል። ወደ ምንጩ ወረድ ሲባል እንዶድ ዛፍ ላይ ተንጠላጥሎ ይገኛል። ቡና ያለው ሰው ደግሞ ለጥላ ብሎ ብርብራውን አይቆርጠውም። ከእነዚህ አብዛኞቹ ለቤቱ የሚጠቅሙ ናቸው፤ ሁሉም የሚጎዱበት መንገድ አላቸው።

ከሁሉም የማስታውሰው ጉሎውን ነው። ግንዱ ቀላ ያለ፣ ቅጠሉ እንደተዘረጋ መዳፍ ጣት ጣት ያለው፣ ፍሬው በለስላሳ እሾህ የተሸፈነ ነው። ፍሬው ደርቆ ሲፈነዳ ውስጡ ያለው ዘር ቡናማ ላይ ነጭ የተዥጎረጎረ፣ የሚያብረቀርቅ ነው። አያቴ ዘሩን ከዛፉ ለቅማ ታደርቀውና በምጣድ ማሰሻነት ትጠቀምበት ነበር። እንጀራው ከምጣዱ እንዳይጣበቅ የሚያደርገው ዘይቱ ነው። እኛ ልጆቹ ዘሩን ለጨዋታ ብናነሣ እጃችንን መትታ ታስጥለናለች። ማሰሻው አልቆ የሚቀረውን ደቃቅ ደግሞ ደጅ አትደፋውም፤ ምድጃው እሳት ውስጥ ትጨምረዋለች። ለምን እንደሆነ ስንጠይቃት መልሷ አጭር ነበር፤ «ዶሮውም ይለቅመዋል፣ ውሻውም ይልሰዋል።»

ምክንያቱን በኋላ ነው በመጽሐፍ ያገኘሁት። በጉሎ ዘር ውስጥ ሪሲን የሚባል መርዝ አለ። ወደ ሰውነት ሲገባ ሕዋሳት ፕሮቲን እንዳይሠሩ ያግዳቸዋል። ዘሩ ሳይታኘክ ከተዋጠ ቅርፊቱ ጠንካራ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ሳይጎዳ ያልፋል፤ ሲታኘክ ወይም ሲወቀጥ ግን መርዙ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1978 ጆርጂ ማርኮቭ የተባለው የቡልጋሪያ ደራሲ ለንደን ውስጥ የተገደለው በዚሁ መርዝ እንደሆነ ይታመናል፤ እግሩ ውስጥ የተገኘችው ጥይት ከስፒል አናት የማትበልጥ ነበረች። የጉሎ ዘይት ግን በትክክል ሲጨመቅ መርዝ የለበትም፤ ሪሲኑ የሚቀረው ፋጉሎው ውስጥ ነው። ሙቀትም ያፈርሰዋል። አያቴ ምጣድ ላይ ማዋሏ፣ የተረፈውንም እሳት ውስጥ መክተቷ ለዚህ ልክ ነበር። በአውሮፓና በአሜሪካ የጉሎ ፋጉሎ ለአበባና ለአትክልት ማዳበሪያነት ይሸጣል። አንዳንዱ ከአጥንትና ከደም ዱቄት ጋር ስለሚደባለቅ ሽታው ውሻ ይጠራል፤ ውሻውም አፈሩን ቆፍሮ ይበላና ይሞታል። ምልክቱ የሚጀምረው ከሰዓታት በኋላ፣ አንዳንዴም በማግስቱ ነው። ያስመልሰዋል፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ይይዘዋል፣ ይዝላል። መዘግየቱ ነው ሰውን የሚያሳስተው፤ ትናንት የበላውን ማን ያስታውሳል?

አስተናግሩ ደግሞ ሌላ ዓይነት ስሕተት ያመጣል። አበባው ረዘም ያለ ነጭ ነው፤ ፍሬው እሾሃም ሆኖ ሲደርቅ ለአራት ይሰነጠቅና ጥቋቁር ዘሩን ይበትናል። ውሻ ፈልጎ አይበላውም። ነገር ግን ዘሩ በአጨዳ ጊዜ ከእህል ጋር አውድማ ይገባል፤ እህሉ ሲነፋ ከግርዱ ጋር ይቀራል፤ ግርዱ ተቀቅሎ ለውሻ የሚሰጥበት ቤት ደግሞ ነበር። አስተናግር የበላ ውሻ አፉ ይደርቃል፣ የዓይኑ ብሌን ይሰፋል፣ ይንገዳገዳል፣ በሌለ ነገር ላይ ይጮኻል። እንዲህ ሆኖ የታየ ውሻ በእኛ ሰፈር ዕጣው አንድ ነው። «ያበደ ውሻ!» የሚል ጩኸት ይነሣል፣ ድንጋይና ዱላ ይከተላል።

ሰዉ መፍራቱ ትክክል ነበር። የእብድ ውሻ በሽታ በአገራችን ዛሬም ሰው ይገድላል፤ ምልክቱ ከታየ በኋላም ፈውስ የለውም። በዓይን ብቻ አይቶ «ይህ መርዝ ነው፣ ይህ እብደት ነው» ማለት ለሐኪምም ይከብዳል። እንዲህ የሆነ ውሻ ሲታይ መራቅ፣ ከተቻለ በር ዘግቶበት የእንስሳት ሐኪም መጥራት፣ የነከሰው ሰው ካለ ደግሞ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ ያህል በውሃና በሳሙና አጥቦ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ይገባል። እኔን የሚያሳዝነኝ በድንጋይ ከተገደሉት መካከል መርዝ ብቻ ያሰከራቸው እንደነበሩ ማሰቤ ነው። ማንም ግን ግርዱን አላየም።

እንዶድን ሳይንቲስቱ አክሊሉ ለማ ለዓለም አሳውቆታል። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች ልብስ በእንዶድ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ወንዙ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አየ፤ ከዚያ ተነሥቶ የቢልሃርዚያን አስተላላፊ ቀንድ አውጣ በእንዶድ መግደል እንደሚቻል አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1989 ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ለዚህ ሥራ የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀበለ። ሴቶቹ ከእሱ በፊትም የእንዶድ እጣቢ እንደሚገድል ያውቁ ነበር። በእኛም ምንጭ ሥርዓቱ ግልጽ ነበር፤ መጠጫው ከላይ፣ የከብቱ ቀጥሎ፣ አጣቢ ከሁሉም በታች። ውሻ ወደ እጣቢው ከወረደ በድንጋይ ይባረራል።

ብርብራም እንዲሁ ነው። በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ ዛፍ ነው፤ ዘሩና ቅርፊቱ ሮቴኖን የሚባል ነገር አለው። ላህ ወንዝ በበጋ ቀጠን ሲል ጎረምሶች ዘሩን ወቅጠው ኩሬው ላይ ይበትኑታል፤ ዓሣው ሰክሮ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ይንሳፈፋል። በዚያ ቀን ትልልቆቹ እኛንም ውሾቹንም ከኩሬው ያርቁናል።

ያ እውቀት የሚተላለፈው በቁጣ ነበር። «አትንካ!»፣ «ተው ከዚያ!»፣ «እጅህን ታጠብ!» ሲባል ነው የተማርነው። የተጻፈ ነገር አልነበረም። እያንዳንዱ ተክል ግን ከነቁጣው ነው የሚታወቀው፤ ቁጣውን የሰማ ልጅ አድጎ ለልጁ ይቆጣል። መርዙን ከሞት የለየው ይህ ነበር።

ቀጥሎ የመጡት መርዞች ቁጣ ይዘው አልመጡም። እ.ኤ.አ. በ1958 የወባ ወረርሽኝ በአገሪቱ 150,000 ያህል ሰው እንደፈጀ ይገመታል። በቀጣዩ ዓመት የወባ ማጥፊያ አገልግሎት ተቋቋመ፤ ሠራተኞቹም ዲዲቲ የተሞላ ፓምፕ በጀርባቸው አዝለው በየቤቱ ግድግዳ ላይ ይረጩ ጀመር። የብዙ ሰው ሕይወት አትርፏል፤ ይህን መካድ ውለታ መርሳት ነው። ዱቄቱ ግን ከወባ ሠራተኛው እጅ ወጥቶ ገበያ ገባ። ለቁንጫም፣ ለነቀዝም፣ ለጉንዳንም ሰው ይጠቀምበት ጀመር፤ ቁንጫ ለማጥፋት የውሻ ጀርባ ላይ የሚነሰንስም ነበር። ውሻ ደግሞ ጀርባውን ይልሳል።

በ1985 ዓ.ም. ሳሳካዋ ግሎባል 2000 የሚባለው የግብርና ፕሮግራም በኢትዮጵያ ሥራ ሲጀምር ምዕራብ ጎጃም የበቆሎ አገር መሆኑ የበለጠ ታየ። ቢኤች 660 የሚባለው ምርጥ ዘር፣ ዳፕና ዩሪያ በየማሳው ገቡ። ጎተራው ሞላ፤ ሰዉ ጠገበ። ጎተራ ሲሞላ ግን ነቀዝና አይጥም ይበረክታሉ። ስለዚህ ማላታይን የሚባለው ጸረ ተባይ፣ የነቀዝ ክኒኑና የአይጥ መርዙ ተከትለው መጡ። ክኒኑ ከሻይ ቅጠልና ከባትሪ ድንጋይ ጎን ተደርድሮ ይሸጥ ጀመር። የተጻፈበት ወረቀት በባዕድ ቋንቋ ነው፤ በፍሬ የሚገዛ ሰው ደግሞ ወረቀቱንም አያየውም። አያቴ ስለ ጉሎ የምታውቀውን ያህል ስለ ክኒኑ የሚያውቅ ሰው በመንደሩ አልነበረም። ስለዚህ የሚቆጣም አልነበረም። ባዶው የመድኃኒት ጠርሙስ ታጥቦ ዘይት ይያዝበታል፤ የመርጫው ፓምፕ እጣቢ ደጅ ይደፋል፤ ውሻው ከዚያው ኩሬ ይጠጣል።

የእኛ ውሻ ነብሮ የሞተው በዚያ ዘመን ነው። ትልቅ፣ ቡናማ፣ ደረቱ ላይ ነጭ ያለበት ውሻ ነበር። አንድ ማለዳ ከጎተራው አጠገብ ወድቆ፣ አረፋ ደፍቆ ተገኘ። አባቴ ከላይኛው ጎረቤታችን ጋር በድንበር ተኮራርፈው ነበርና ጥርጣሬው ሌላ ሰው አልፈለገም። ሁለቱ ቤቶች ቡና መጠራራት አቆሙ። እኛ ልጆቹም አብረን ከብት መጠበቅ ተከለከልን።

አያቴ ግን ሬሳው ሳይወጣ በፊት በትሯን ተደግፋ ወረደች። ቁጢጥ ብላ ውሻው ያስመለሰውን በእንጨት ገልበጥ ገልበጥ አደረገችው። ከሊጥ ጋር የተደባለቀ አመድ የመሰለ ጥቁር ነገር ነበረበት፤ ከሩቁም ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። ቀና ብላ አባቴን «ለአይጥ ብለህ በቅቤ ያቦካኸው የት ነው?» አለችው። አባቴ ዝም አለ። ጎተራው ሥር፣ ከእግሩ ድንጋይ ጀርባ ያስቀመጠው ገል ባዶ ሆኖ ተገኘ። ገሉ ተልሷል።

በዚያው ሳምንት አባቴ አንድ ሽማግሌ አስከትሎ ወደ ላይኛው ቤት ወጣ። «አያ፣ በከንቱ ጠርጥሬዎታለሁ፤ ስለ እግዚአብሔር ይቅር ይበሉኝ» አላቸው። እሳቸውም «እግዜር ይቅር ይበለን» ብለው አስገቡት። የድንበሩ ነገር ወዲያው አልተፈታም፤ ቡናው ግን ተመለሰ።

ያ ሽታ ምን እንደነበር በኋላ ተረዳሁ። ዚንክ ፎስፋይድ የሚባለው የአይጥ መርዝ ግራጫ ጥቁር ዱቄት ነው፤ ከጨጓራ አሲድ ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የሚባል ጋዝ ይወጣዋል። የነቀዙ ክኒንም አሉሚኒየም ፎስፋይድ ነው፤ እርጥበት ሲያገኘው ያንኑ ጋዝ ይለቃል። ጋዙ ልብንና ሳንባን ያጠቃል፤ ማርከሻም የለውም። ውሻው ካስመለሰው ነገር የሚወጣው ጋዝ አጠገቡ ያለውን ሰው ሊጎዳ ስለሚችል፣ እንዲህ የታመመ ውሻ የሚታየው ሜዳ ላይ፣ ነፋስ ባለበት ነው። አያቴ በእጇ ሳትነካ በእንጨት መገልበጧ ትልቅ ጥንቃቄ ኖሯል።

ሰፈሩ ለተመረዘ ውሻ የሚያውቀው መድኃኒት ወተት ነበር፤ ከሌለ ዘይት ወይም ጨው የበዛበት ውሃ። ጉሮሮውን ይዘው ያጠጡታል። በደግነት ነው የሚያደርጉት፤ የሚያድነው ግን ጥቂት ነው። ወተት መርዝ አያረክስም። የሚያንቀጠቅጠው ወይም ራሱን የሳተ ውሻ በግድ ሲያጠጡት ወደ ሳንባው ይገባበታል። በናፍጣ መሰል ፈሳሽ የተበጠበጠ ጸረ ተባይ የጠጣን ውሻ ማስመለስም ሳንባውን ያበላሻል። የሚረዳው ፈጥኖ ወደ ወረዳው የእንስሳት ጤና ክሊኒክ መውሰድና የመርዙን ዕቃ ወይም የበላውን ተክል ይዞ መሄድ ነው። ሐኪሙ የሚወስነው መርዙ ምን እንደሆነ ሲያውቅ ነውና። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው የአይጥ መርዝ ከሆነ ቫይታሚን ኬ አለ። ማላታይንና መሰሎቹ ከሆኑ አትሮፒን አለ።

አትሮፒን ሳነሣ ሁልጊዜ የምደነቅበት ነገር አለ። አስተናግር ውስጥ ያለው፣ ውሻውን የሚያሰክረው ነገር አንዱ ራሱ አትሮፒን ነው። ማላታይን ምራቁን አዝረክርኮ፣ ብሌኑን አጥብቦ፣ ልቡን አዝሎ የሚገድለውን እንስሳ፣ አፍ የሚያደርቀውና ብሌን የሚያሰፋው አትሮፒን በተለካ መርፌ ይመልሰዋል። ይህ ማለት ቅጠሉን ቀጥቅጦ ማጠጣት አይደለም፤ ይህን ያደረገ ሁለተኛ መርዝ ይጨምራል። የጓሮ ተክል በእውቀትና በልክ ሲያዝ ግን ከገበያ የመጣውን መርዝ ማሸነፊያ እስከመሆን ይደርሳል።

የውሻው ሞት እዚያው አያበቃም። ነብሮን በገመድ ጎትተን ገደል ነበር የጣልነው፤ ሁሉም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። የተመረዘ ሥጋ የበላ ጅብና ጥንብ አንሣ ግን ተራውን ሊሞት ይችላል። በአፍሪካ ጥንብ አንሣዎች እንዲህ ለመመናመናቸው ዋነኛው ምክንያት መርዝ ነው። በልጅነቴ አንድ በሬ ሲሞት ሰማዩን የሚሞሉት ወፎች ዛሬ ወደ ቡሬ ስሄድ አይታዩኝም። የተመረዘ ሬሳ በጥልቅ ይቀበር፤ የጉድጓዱ ድካም ይህን ያህል ዋጋ አለው።

አሁን አገሩ ተለውጧል። ቡሬ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ አላት፤ ከፍኖተ ሰላም ዙሪያ ማንጎና አቮካዶ፣ ሽንኩርትና በርበሬ በመስኖ ይለማሉ። በ2009 ዓ.ም. መጤው ተምች አገራችን ከገባ ወዲህ በበቆሎ ማሳ ላይ የሚረጨው ጸረ ተባይ በዝቷል። በከተሞቻችን ደግሞ ለጌጥና ለጥላ የተተከሉ አዳዲስ ተክሎች አሉ። ብዙ ሰው ኒም እያለ የሚጠራው ሚሊያ ቢጫ ፍሬው ውሻና ዐሳማ ይመርዛል። በየሆቴሉ ግቢ የሚተከለው፣ ቅጠሉ ቀጠን ብሎ የረዘመው ባለ ሮዝ አበባው ኦሊአንደር ልብ የሚያቆም ነገር በቅጠሉ ሁሉ አለው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የበዛበት የወጥ ጥራጊም የውሻን ቀይ የደም ሕዋሳት ይሰብራል። የጌጥ ተክሎቹን በቁጣ የሚያስተምር አያት የለም፤ ከአያቶቻችን በኋላ የመጡ ናቸውና።

ስለዚህ ቁጣውን እንደገና መጀመር የእኛ ተራ ነው። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ስለ ርጭት ሲያስተምር ስለ ጠርሙሱ፣ ስለ እጣቢውና ደጅ ስለተኛው ውሻም ይናገር። ጸረ ተባይን ለመመዝገብና ለመቆጣጠር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ወጥቷል፤ ክኒን በፍሬ የሚሸጥበትን ሱቅ ሳያይ የሚያልፍ ወረዳ ግን ያንን አዋጅ ሥራ ላይ አላዋለውም። አየር የማያስገባው የእህል ከረጢት ነቀዙን ያለ ክኒን ይገድላል፤ ዋጋውን የቻለ ሁሉ እሱን ይምረጥ። ለአይጥ መርዝ ማስቀመጥ ግድ ከሆነ ውሻም ልጅም የማይደርስበት ቦታ ይሁን፤ የት እንደተቀመጠም ቤተሰቡ በሙሉ ይወቅ። አስተናግሩ ሳያፈራ ይነቀል፤ ጉሎው ከውሻው ማደሪያ ይራቅ።

የአንዱ ቤት ውሻ ሲሞት ደግሞ የጎረቤት ስም ከመጠራቱ በፊት ጎተራው ሥር ይታይ፣ የመድኃኒቱ ጠርሙስ የት እንዳለ ይጠየቅ፣ ግርዱ ይበተንና ይታይ። አያቴ ያደረገችው ይህንኑ ነው። ውሻውን አላዳነችውም፤ ሁለት ቤት ግን ከጠብ አድናለች።